ቡርጅ ኸሊፋ ለመውጣት፦ መጀመሪያ አየሩ፣ ቀጥሎ ሰዓቱ፣ ከዚያ ፎቁ

የቡርጅ ኸሊፋን መመልከቻ ሊጎበኝ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «124ኛው ፎቅ ይሻላል ወይስ 148ኛው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተራውን አልጠበቀም። ዱባይ ላይ ከከፍታ የሚታየውን የሚወስነው አየሩ ነው፤ ከአየሩ ቀጥሎ ሰዓቱ፤ ፎቁ ሦስተኛ ነው። አቧራ ባንዣበበበት የሐምሌ ቀትር 148ኛ ፎቅ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ነጭ መጋረጃ ነው። በጥር ዝናብ ባለፈ ማግስት 124ኛው ላይ የቆመ ሰው ግን ባሕሩንም በረሃውንም አጥግቦ ያያል፣ የከፈለውም ከዚያኛው ግማሽ አይሞላም።

ስለዚህ ከትኬት በፊት ስለ ከፍታው ትንሽ እንነጋገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሕንፃው 828 ሜትር ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2004 ተጀምሮ ጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ተመረቀ። ለጎብኚ የተከፈተው የመጀመሪያው መመልከቻ 124ኛው ፎቅ ሲሆን ከመሬት 452 ሜትር ላይ ነው። 125ኛው ከእሱ በላይ ያለው ነው፤ ሁለቱ በደረጃ ስለሚገናኙ በአንድ ትኬት ይታያሉ። 148ኛው እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፈተ፣ ከፍታው 555 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ከ152ኛ እስከ 154ኛ ፎቅ ያለው 585 ሜትር ላይ የሚገኝ ላውንጅ ነው፤ እሱ ቁጭ ብለው ሻይና ቡና የሚጠጡበት ስለሆነ ዋጋውም ነገሩም ሌላ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች አንድ ላይ ስታዩ የሚገርም ነገር ይወጣል። «መቶ ሃያ አራተኛ» ሲባል ጫፍ ይመስላል እንጂ ከሕንፃው ወገብ ብዙም ያለፈ አይደለም፤ ከራሳችሁ በላይ ገና 376 ሜትር አለ። ከዚያ ውስጥ የመጨረሻው 244 ሜትር ሰው የማይኖርበት ጉልላት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው። 124ኛው ፎቅ ሁለት ንግድ ባንክ ተደራርቦ በላዩ ዐሥር ፎቅ የሚያህል ሲጨመርበት ማለት ነው። ሙሉው ቡርጅ ደግሞ ከእንጦጦ ጫፍ እስከ መስቀል አደባባይ ያለውን የከፍታ ልዩነት ያህላል፤ እንጦጦ በተዳፋት ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ይሄኛው ቀጥ ብሎ።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ከፍታው ያዞረኝ ይሆን? ትንፋሽ ያጥረኝ ይሆን?» ብሎ መስጋት የለበትም። ዱባይ ባሕር ዳር ናትና 124ኛው ፎቅ እንኳ ከአዲስ አበባ መሬት ወደ 1,900 ሜትር ዝቅ ይላል። የሚያስቸግረው ጆሮ ነው። ሊፍቱ በሰከንድ 10 ሜትር እየወጣ አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ያደርሳል፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ የአየሩ ግፊት 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። እንጦጦ በመኪና ስትወጡ ጆሮ የሚደፈነው ቀስ በቀስ ነው፤ እዚህ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ምራቅ ደጋግሞ መዋጥ ይበቃል። ከረሜላ ያዙ፤ ማስቲካ ግን ሜትሮ (የከተማው ባቡር) ውስጥ ማኘክ በገንዘብ ስለሚያስቀጣ እስክትደርሱ ኪሳችሁ ይቆይ። ጉንፋን የያዘው ሰው የጆሮው መተንፈሻ ስለሚደፈን በተለይ ሲወርድ ያመዋል፣ ቢያስተላልፈው ይሻላል። ሕፃን ልጅ ካለ ሊፍቱ ሊነሳ ሲል ጡት ወይም ጡጦ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ፎቁ ምርጫ። ከከፍታ አድማሱ እስከ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ለማወቅ የከፍታውን ስኩዌር ሩት በ3.57 ማባዛት ነው። ከ452 ሜትር 76 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ከ555 ሜትር 84። በሁለቱ ፎቆች መካከል ያለው ትርፍ 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱም አየሩ ከፈቀደ ነው። የዱባይ አየር ደግሞ 76ቱን እንኳ በዓመት ውስጥ በጥቂት ቀን ነው የሚፈቅደው። ከ148ኛው ላይ ታች ያለው ነገር ሁሉ ይበልጥ ይደቅቃል፤ መኪና መኪናነቱ ይጠፋል፣ በሥሩ ሐይቁ ላይ ያለው የዱባይ ፏፏቴ ኩሬ ይሆናል። ለ148ኛው የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ በእርግጥ የሚገዛው ጸጥታ ነው፦ ሰው ጥቂት ነው፣ መቀመጫ አለ፣ ቡናና ተምር ይቀርባል፣ ወረፋውም ያጥራል፤ ሲወርዱም 125ኛውንና 124ኛውን ያሳያሉ። አቅመ ደካማ ወላጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለዕይታው ብቻ ከሆነ ግን ልዩነቱ የከፈላችሁትን አይመልስም፤ ያንን ብር ለሰዓቱ አውሉት።

አየሩን ማንበብ

ምርጡ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በዚህ ጊዜ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ዝናብም አልፎ አልፎ ይጥላል። አቧራውን ዝናብ ካጠበው በኋላ ያለው የመጀመሪያው ጥርት ያለ ቀን ከዓመቱ ሁሉ የተመረጠ ነው፤ በምሥራቅ በኩል የሐጀር ተራሮች ጥርስ እንኳ በሩቁ ይለያል። ትኬት ከወር በፊት የሚገዛ ሰው ይህን ዕድል ለሎተሪ ሰጠው ማለት ነው። ዱባይ የምትኖሩ ከሆነ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት መግዛት ይበቃል፤ በትልልቅ በዓላትና በዘመን መለወጫቸው ሰሞን ካልሆነ በቀር ቀድሞ የሚያልቀው የፀሐይ መግቢያው ሰዓት ብቻ ነው።

ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ያለው ተቃራኒው ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘልላል፣ ከባሕሩ የሚነሳው ወበቅ ከበረሃው አቧራ ጋር ተደባልቆ ሰማዩንና ምድሩን አንድ ዓይነት ወተት ያደርገዋል። በዚህ ወቅት ቀን ቀን መውጣት ገንዘብን ውኃ ላይ መጣል ነው። በበጋቸው ሌላ ጊዜ የሌለው ሰው ማታ ይውጣ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፤ ጨለማው ጭጋጉን ይሸፍነዋል፣ ቅርብ ያለው የመንገድና የሕንፃ መብራት ግን ይታያል። ዋጋውም በዚያ ሰዓት ይቀንሳል።

ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ዕይታ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ይናገራል፤ ብዙ ሰው አያየውም እንጂ። የአውሮፕላን ማረፊያዎች ሪፖርት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን ሁሉ «10» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ 10 ማለት ጥሩ ነው እንጂ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አይናገርም። ከ5 በታች ከሆነ ቀኑን ቀይሩ። ሌላው መፈተኛ ዓይን ነው፦ ከሜትሮው ወርዳችሁ መግቢያው ወዳለበት የገበያ ማዕከል፣ ወደ ዱባይ ሞል፣ ስትሄዱ ቀና ብላችሁ ጉልላቱን እዩ። ከዚያ ርቀት ጫፉ የገረጣና የደበዘዘ ከሆነ ከላይ ሆናችሁ የምታዩት ሠፈር ሁሉ እንደዚያው ነው የሚሆነው።

የክረምታቸው ማለዳ ጉም ለብቻው ይነገር። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አንዳንድ ሌሊት ከባሕር የመጣው እርጥበት በቀዘቀዘው አሸዋ ላይ ይተኛና ወፍራም ጉም ይሆናል። ይህ ጉም ብዙ ጊዜ ከፍታው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ስለሆነ መመልከቻው ከበላዩ ይቀራል፤ በየቦታው የምታዩት ሕንፃዎች ከደመና ውስጥ ብቅ ብቅ ያሉበት ፎቶ በእንዲህ ያለ ቀን የተነሳ ነው። ግን ቁማር ነው። ጉሙ መቶ ሜትር ከፍ ካለ እናንተም ውስጡ ናችሁ። ፀሐይ ሲበረታ ከረፋዱ 3 ወይም 4 ሰዓት ገደማ ይገፈፋል፤ ለዚህ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያውን መግቢያ መያዝ አለበት።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ይህ ለእኛ ሰው ብቻ የሚጻፍ ምክር ነው። ትኬቱ የመግቢያ ሰዓት አለው፣ ያ ሰዓት ካለፈ ትኬቱ ያልፍበታል። «5፡00 ፒኤም» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ዱባይ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በአውሮፕላን የመጣና ስልኩ ሳይስተካከል የቀረ ሰው ሁለቱን ሲያደባልቅ ወይ ሰባት ሰዓት ይሳሳታል ወይ አንድ። የአንዱ ሰዓት ስሕተት ይበልጥ ክፉ ነው፤ ምክንያቱም ትክክል ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም።

ዋጋው እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ጠዋትና ማታ ረከስ ይላል፣ ፀሐይ መግቢያው አካባቢ ይወደዳል። የፀሐይ መግቢያው ሰዓት ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 12፡45 አካባቢ ቆሞ አይጠብቅም፤ ዱባይ ከምድር ወገብ ራቅ ስለምትል በወቅቶች መካከል ወደ 100 ደቂቃ ይንሸራተታል። በታኅሣሥ መጀመሪያ 11፡30 ላይ ትገባለች፣ በመጋቢት አጋማሽ 12፡30 ገደማ፣ በሰኔ አጋማሽ ከምሽቱ 1፡10፣ በመስከረም አጋማሽ 12፡10 ገደማ። ሁሉም በዱባይ ሰዓት ነው፣ አቆጣጠሩ ግን የእኛ ነው።

ትልቁ ስሕተት ጀምበር በምትጠልቅበት ሰዓት የሚገባ ትኬት መግዛት ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በታችኛው በር የምታልፉበት ነው። ከዚያ በኋላ ፍተሻ አለ፣ ረጅም ኮሪደር አለ፣ የሊፍት ወረፋ አለ፤ በሚጨናነቅበት ሰዓት ከበሩ እስከ ሰገነቱ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሊፍቱ አንድ ደቂቃ ይወጣል ብሎ ማስላት እዚህ ላይ ነው የሚያሳስተው። ጀምበር ከመጥለቋ 75 ደቂቃ ገደማ በፊት ያለውን የመግቢያ ሰዓት ምረጡ፤ ቀኑንም፣ ምሽቱንም፣ በመካከል ያለውን ሰማያዊ ድንግዝግዝም በአንድ ትኬት ታገኛላችሁ።

ገንዘብ ለመቆጠብ ሌላም መንገድ አለ። ዋጋው ከመወደዱ በፊት ያለውን የመጨረሻ ርካሽ መግቢያ ገዝቶ ላይ ሆኖ መጠበቅ ነው፤ ከወጣችሁ በኋላ ብዙውን ጊዜ ውረዱ የሚል የለም። ይህ የሚያዋጣው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፣ ምክንያቱም ጀምበር ቶሎ ትገባለች። በሰኔ ከሞከራችሁት ሦስት ሰዓት ቆማችሁ ታድራላችሁ። 124ኛው ላይ መቀመጫ እንደ ልብ አይገኝም፤ እግራችሁን እያወቃችሁ።

ጀምበር ላይ እያለን አንድ ነገር ልጨምር። ከፍ ያለ ሰው ፀሐይን ዘግይቶ ነው የሚያጣት። 452 ሜትር ላይ ልዩነቱ ወደ 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይጠጋል። ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ረመዳን የዱባይ የሃይማኖት ባለሥልጣናት ከ80ኛ እስከ 150ኛ ፎቅ ያሉ ጿሚዎች መሬት ላይ ካሉት 2 ደቂቃ፣ ከ150ኛ በላይ ያሉት ደግሞ 3 ደቂቃ ዘግይተው እንዲያፈጥሩ አሳስበዋል። ሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ሰዓት አያፈጥርም ማለት ነው።

መድረስና መግባት

ሜትሮ ቀዩን መስመር ይዛችሁ «ቡርጅ ኸሊፋ/ዱባይ ሞል» ላይ ውረዱ። ጣቢያው ከሞሉ ጋር በቀዝቃዛ አየር በተሸፈነ ድልድይ ተያይዟል፤ ድልድዩ ወደ 820 ሜትር ስለሚረዝም፣ የሚንቀሳቀስ ወለል ቢኖረውም 15 ደቂቃ ያዙለት። መግቢያው ዱባይ ሞል ውስጥ፣ ከምድር ቤቱ በታች ባለው ወለል ላይ ነው፤ «አት ዘ ቶፕ» የሚለውን ምልክት ተከተሉ። ሞሉ ውስጥ ለመጥፋት ሌላ 10 ደቂቃ ጨምሩ፤ የማይጠፋበት ሰው የለም።

በታክሲ የሚመጣ ሰው ሾፌሩን «ቡርጅ ኸሊፋ» ካለው ሕንፃው እግር ሥር፣ ሆቴሉና መኖሪያው በር ላይ ያወርደዋል። ያ በር የጎብኚ አይደለም። «ዱባይ ሞል» በሉት። የ148ኛው ትኬት ያላቸው ደግሞ የሚሰበሰቡበት ቦታ ይለያልና ትኬቱ ላይ የተጻፈውን መግቢያ አይተው ይሂዱ።

በዱባይ በኩል ለሚያልፉ ትራንዚት መንገደኞች፦ መጀመሪያ ነገር የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቀድሞ የወጣ ቪዛ ያስፈልገዋል፣ ያለ ቪዛ ከኤርፖርቱ አይወጣም። ሜትሮ ያለው ተርሚናል 1 እና 3 ላይ ነው፤ ተርሚናል 2 ላይ የለም፣ ከዚያ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ነው። እሑድ ጠዋት ሜትሮው ከሌላው ቀን ዘግይቶ እንደሚጀምርም አትርሱ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ከአውሮፕላን ወርዶ ኢሚግሬሽን ለማለፍ አንድ ሰዓት፣ መንገዱና ድልድዩ አንድ ሰዓት፣ ላይ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ሰዓት፣ መልስ አንድ ሰዓት፣ ከበረራ በፊት ሁለት ሰዓት። ሰባት ሞላ። ከስምንት ሰዓት በታች ቆይታ ያለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል። ሻንጣም ይዞ መውጣት ስለማይቻል ኤርፖርቱ ውስጥ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ አስረክቡ።

ላይ ከደረሳችሁ በኋላ

መጀመሪያ የሚያደናግረው የሕንፃው ቅርጽ ነው። ክብ አይደለም። አርክቴክቱ አድሪያን ስሚዝና መሐንዲሱ ቢል ቤከር መካከሉን ባለ ስድስት ጎን አድርገው በሦስት ክንፍ አስደግፈውታል፤ ሦስቱ ክንፎች እርስ በርስ እንደ ምርኩዝ ይያዛሉ። ክንፎቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በየተራ እየተቆረጡ ስለሚያጥሩ ሕንፃው በየከፍታው ሌላ ቅርጽ አለው፤ ነፋሱ አንድ ዓይነት ምት አግኝቶ እንዳያወዛውዘው የታሰበ ነው። ለጎብኚው ትርጉሙ ይህ ነው፦ ቀጥ ብላችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ በአንዳንድ ማዕዘን መሬቱን ሳይሆን የታችኞቹን ክንፎች ጣሪያ ታያላችሁ። አንድ ቦታ ቆማችሁ አትቅሩ፣ ዙሩት።

ስትዞሩ በሰሜን ምዕራብ ባሕሩ ነው፤ ጥርት ባለ ቀን ከዳርቻው ወዲያ «ዘ ወርልድ» የተባሉት በአሸዋ የተሠሩ ደሴቶች እንደ ተበተነ ፍርፋሪ ይታያሉ። በደቡብ ምዕራብ የሼክ ዛይድን ጎዳና ተከትላችሁ ዓይናችሁን ብትሰዱ ቡርጅ አል ዐረብ የተባለው ሆቴል በባሕሩ ዳር ትንሽ ሸራ መስሎ ይገኛል፣ ከእሱ ወዲያ በዘንባባ ቅርጽ የተሠራው ደሴት ፓልም ጁሜራ ነው፤ የዘንባባው ቅርጽ ግን ከዚህ ርቀት አይለይም፣ ጠፍጣፋ ስንጥር ነው የሚመስለው። በሰሜን ምሥራቅ ኤሚሬትስ ታወርስን ፈልጉ። 355 ሜትር የሆነውን ሕንፃ ጣሪያውን ከላይ ታያላችሁ፤ ከእግራችሁ ሥር ወደ 100 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው ያለው። አለፍ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመረቀው የንግድ ማዕከል ሕንፃ አለ፣ 149 ሜትር፣ በዘመኑ የከተማዋ ግዙፍ። ከዚያ ወዲያ ክሪክ የሚባለው ወደ ከተማው የገባ የባሕር ክንድና የእኛ ሰው የሚበዛበት አሮጌው ሠፈር ዴራ ነው። በምሥራቅ የራስ አል ኾር ረግረግ፣ በደቡብ ምሥራቅ የሜይዳን ፈረስ መጋለቢያ፣ ከዚያ በረሃ።

ብዙ ሰው ሳያየው የሚወርደው ነገር የሕንፃው ጥላ ነው። ፀሐይ ከአድማስ 20 ዲግሪ ላይ ስትሆን ጥላው ከ2 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ 10 ዲግሪ ላይ ስትደርስ 4.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጀምበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ሁሉም ሰው ምዕራብ በኩል ካለው መስታወት ጋር ተጣብቆ ይቆማል። ያኔ ወደ ምሥራቅ ዙሩ። ባዶ ነው፣ የሚገፋችሁም የለም፣ ጥላው መንገዱንና ሠፈሩን እያቋረጠ ወደ በረሃው ሲረዝም በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ፎቶው ለምን ይበላሻል?

አንደኛ፣ መስታወቱ። የሕንፃው መስታወት ፀሐይን ለመመለስ የተሸፈነ ስለሆነ ቀለሙን ትንሽ ያገረጣዋል፣ ከዚያም የውስጡን መብራትና የራሳችሁን መልክ ያንጸባርቃል። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ከተማውን አነሳሁ ብሎ ራሱን ነው የሚያነሳው፤ ነጠላ ከለበሳችሁ ለፎቶው ጊዜ አውልቁት። ጥቁር ሹራብ ወይም ጃኬት በስልኩ ዙሪያ ከልላችሁ ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር አስነኩት። በካሜራና በመስታወቱ መካከል ክፍተት ከሌለ ነጸብራቅ የሚገባበት የለም። ፍላሽ አጥፉ። ፖላራይዘር ፊልተር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ክዳን) ያለው ሰው በቀጥታ ሲያነሳ አይጠቅመውም፤ የሚሠራው ከመስታወቱ ጎን ዘወር ብሎ ሲያነሳ ነው፣ እሱም አንዳንድ መስታወት ላይ የቀስተ ደመና ጭረት ያመጣል።

124ኛው ላይ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ሰገነት አለ፣ እዚያ መስታወቶቹ መካከል ጠባብ ክፍተት ስላለ ሌንስ በቀጥታ ወደ አየሩ ማሳየት ይቻላል። ስልካችሁን በማሰሪያ አንገታችሁ ላይ አስሩ፤ ከዚያ የሚወድቅ ነገር አደጋው ለጣለው ሰው ብቻ አይደለም። ነፋስ ወይም ነጎድጓድ ሲበረታ ሰገነቱ ሊዘጋ ይችላል፣ በዚያ ቀን ውስጡ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

ሁለተኛ፣ ጤዛ። በወበቁ ወቅት ከቀዝቃዛው አዳራሽ ወደ ውጭ የወጣ ሌንስ ወዲያው በጤዛ ይሸፈናል። እየጠረጉ ማንሳት ጭረትና ቅባት ያተርፋል እንጂ አይፈታውም፤ የሌንሱ መስታወት ራሱ እስኪሞቅ ድረስ ጤዛው ይመለሳል። 10 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ገና ወረፋ ላይ ሳለ ስልኩን ከገላው ጋር በውስጥ ኪስ ያስቀምጣል፣ ሲወጣ ሞቆ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛ፣ ጨለማ። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አይፈቀድም። ስለዚህ ማታ የስልኩን ጠርዝ ከመስታወቱ ወይም ከብረቱ ጋር አስደግፋችሁ፣ በሁለት ሰከንድ መቁጠሪያ አንሱ፤ ጣታችሁ ሲነካው የሚፈጠረውን መንቀጥቀጥ ያስቀራል። ምርጡ ፎቶ የሚገኘው ግን ጭልም ካለ በኋላ አይደለም። ጀምበር ከጠለቀች ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ነው፣ መብራቱም በርቷል፤ ሁለቱ የሚመጣጠኑት ያኔ ብቻ ነው። ሰዉ ደግሞ ፀሐይ ገባች ብሎ በዚያው ሰዓት ወደ ሊፍቱ ይጎርፋል። አትከተሉት። የመውረጃው ወረፋ ከሁሉ የሚረዝመው በእነዚህ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ ብትቆዩ ሁለት ጊዜ ታተርፋላችሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት አቁመው ፎቶ ያነሷችኋል፣ ስትወርዱም ሱቁ ውስጥ ታትሞ ይጠብቃችኋል። መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ሲጀመርም «አንነሳም» ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ወረፋውም ያጥራል።

ቡርጁ የማያሳየው ነገር

ከቡርጅ ኸሊፋ ላይ ቡርጅ ኸሊፋ አይታይም። ሲነገር ቀልድ ይመስላል፣ ግን የዱባይን መልክ ከላይ ማየት የፈለገ ሰው የከተማዋ ዋና ምልክት የሌለበትን ዱባይ ነው የሚያየው። እሱን ማየት የሚሻ ሰው ጎን ያለውን የስካይ ቪው ሆቴል መመልከቻ ይሞክር፤ 219 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ግንቡ ከነጉልላቱ ፊት ለፊት ይቆማል። የፓልሙን የዘንባባ ቅርጽ ማየት ለሚፈልግ ራሱ ፓልሙ ላይ ባለው ማማ 52ኛ ፎቅ፣ 240 ሜትር ላይ ያለው መመልከቻ ከቡርጁ ይልቅ ያሳየዋል። ኪሱ የሚያስብ ሰው ደግሞ ዘቢል መናፈሻ ውስጥ ያለው ዱባይ ፍሬም አለለት፤ 150 ሜትር ብቻ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ተከፈተ፣ ትኬቱ ከቡርጁ ጋር አይወዳደርም። በአንድ በኩል አሮጌው ዴራና ክሪኩ፣ በሌላው በኩል አዲሱ ከተማ ከነቡርጁ ይታያል፣ የላይኛው ወለል መካከሉ መስታወት ስለሆነ ከእግር ሥር መሬቱ ይታያል። ጭጋግ ባለበት ቀን ዝቅ ማለቱ ራሱ ጥቅም ነው፤ የሚታየው ነገር ቅርብ ስለሆነ አየሩ ያን ያህል አይሸፍነውም።

ፏፏቴውን በተመለከተ፣ ከላይ ሆኖ ለማየት ብሎ የምሽት ትኬት መግዛት አያስፈልግም። ከ452 ሜትር ላይ 275 ሜትር የሚረዝመው ፏፏቴ የተንቀሳቀሰ የብርሃን ክር ነው፣ ሙዚቃውም ከሩቅ ነው። ከሐይቁ ዳር ቆሞ ማየት በነፃ ነው። ከሊፍቱ ወርዳችሁ በሞሉ የታችኛው በር ወደ ሐይቁ ስትወጡ ሐይቁን ወደሚያቋርጠው ድልድይ በኩል ቁሙ፤ በሩ ፊት ያለው ቦታ ሁልጊዜ የተጨናነቀ ነው፣ ነፋስ ካለም ውኃው የሚረጨው ወደዚያው ነው።